ትዕግሥት የሌለው ላኪ

«ቲቸር፣ ሰርቨራችን ከሚደርሰው ኢሜይል አብዛኛው ስፓም ሆኗል። ማጣሪያው እያንዳንዱን ደብዳቤ ሲመረምር ሲፒዩው ይጨናነቃል፤ ጠዋት ጠዋት ወረፋው ቶሎ አይቃለልም። ማሽን እንጨምር ወይስ ሌላ ማጣሪያ እንግዛ?»

ጠያቂው የአንድ አነስተኛ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ባለሙያ ነው። ተጠያቂዋ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያስተማሩት መምህርት ናቸው፤ ከማስተማሩ ጎን ለጎን የሜይል ሰርቨር ሲያስተዳድሩ ኖረዋል። እርሱ አሁንም «ቲቸር» ይላቸዋል፤ እርሳቸውም ጥያቄን በጥያቄ መመለሳቸውን አልተዉም።

«ማጣሪያህ ደብዳቤው ስፓም መሆኑን በሚያውቅበት ሰዓት ደብዳቤው የት ነው ያለው?»

«እኛው ሰርቨር ላይ።»

«አየህ፤ ባንድዊድዝ ከፍለንለታል፣ ዲስክ ላይ አስቀምጠነዋል፣ ከፍተን አንብበነዋል። አይሆንም የምንለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ማሽንም ማጣሪያም ከመግዛትህ በፊት ፋየርዎልህን ሥራ ስጠው።»

«ፋየርዎል የደብዳቤ ይዘት አያይም እኮ።»

«አያይም፤ እኔም እንዲያይ አልፈልግም። ላኪው እንዴት እንደሚላላክ ግን ደኅና አድርጎ ያያል።»

መምህርቷ በሐሳባቸው የያዙት ኦፕንቢኤስዲን ነው፤ በካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ የሚመራ፣ ከምንም በላይ ለደኅንነት በመጨነቁ የሚታወቅ የዩኒክስ ቤተሰብ ኦፐሬቲንግ ሲስተም። ፋየርዎሉ ፒኤፍ ይባላል። የተወለደውም በፈቃድ ውዝግብ ሰበብ ነው፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ቀድሞ ይሠራበት የነበረው አይፒፊልተር የአጠቃቀም ፈቃዱ እንደ ልብ ማሻሻልን አይፈቅድም ተብሎ ከሲስተሙ ወጣ። ቦታው ባዶ ሲሆን ስዊዘርላንዳዊው ዳንኤል ሃርትማየር አዲስ ፋየርዎል ጻፈ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ከኦፕንቢኤስዲ 3.0 ጋር ታተመ። ስፓምን የሚመለከተው ስፓምዲ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ በ2003 ከ3.3 ጋር መጣ። ስፓምዲ የሜይል ሰርቨር አይደለም። የሜይል ሰርቨር መስሎ የሚቀርብ፣ አንድም ደብዳቤ ለማንም የማያደርስ ትንሽ ፕሮግራም ነው።

«የማያደርስ ከሆነ ጥቅሙ ምንድን ነው?» አለ ወጣቱ።

«ስፓም የሚልከው ምን ዓይነት ማሽን ነው ብለህ ታስባለህ?»

«ቦት ነዋ። ባለቤቱ ሳያውቅ የተያዘ ኮምፒውተር።»

«አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ነው። ቦቱ ሥፍር ቁጥር የሌለው አድራሻ ተሰጥቶታል። ለአንዱ ሞክሮ ካልሆነለት ወደሚቀጥለው ያልፋል። ወረፋ ይዞ ቆይቶ መሞከር ዲስክም ጊዜም ይፈጅበታል፤ የተያዘው ኮምፒውተር ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ሊጠፋ ይችላል። ትክክለኛ የሜይል ሰርቨር ግን ደብዳቤ አንዴ ከተቀበለ ኃላፊነት አለበት። ጆን ፖስቴል በ1982 የኢሜይል መላላኪያ ደንብ የሆነውን ኤስኤምቲፒን ሲጽፍ ጀምሮ የእምቢታ መልሶች ሁለት ዓይነት ናቸው። በ5 የሚጀምረው ኮድ ፈጽሞ አይሆንም ማለት ነው። በ4 የሚጀምረው አሁን አልተመቸኝም፣ ቆይተህ ሞክር ማለት ነው። ዛሬ የሚሠራበት የ2008ቱ ሰነድም ላኪው በድጋሚ ከመሞከሩ በፊት ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲቆይ፣ ተስፋ ከመቁረጡ በፊትም ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን እንዲታገሥ ይመክራል።»

«እና ስፓምዲ ለማያውቀው ሁሉ በ4 የሚጀምር መልስ ይሰጣል።»

«451። ለማያውቀው ሁሉ፣ ሳያዳላ።»

«መሥሪያ ቤት ሄደን ‹ነገ ተመለሱ› እንደምንባለው ነዋ!»

«አዎ፤ እውነተኛ ጉዳይ ያለው ይመለሳል። አንድ ዓይነት ወረቀት በየቢሮው በትኖ የሚያልፍ ግን አይመለስም።»

ሐሳቡ የስፓምዲ ጸሐፊዎች ብቻ አይደለም። በ2003 ኢቫን ሃሪስ የተባለ ባለሙያ ይህንኑ ዘዴ በጽሑፍ አቀረበ፤ ስሙም ግሬይሊስቲንግ፣ ማለትም በግራጫ መዝገብ መያዝ ሆነ። በኤድመንተን በአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ቦብ ቤክ ወዲያው ወደ ስፓምዲ አመጣው፤ በ2004 ከወጣው ኦፕንቢኤስዲ 3.5 ጀምሮ የፕሮግራሙ ዋና ሥራ ሆኗል። ብዙ ሺህ ተማሪና መምህር የሚገለገልበት የዩኒቨርሲቲ ሜይል ዘዴው በቤተ ሙከራ ሳይሆን በእውነተኛ ጎርፍ የተፈተነበት ቦታ ነበር።

ወጣቱ ላፕቶፑን ከፈተ። «ደንቦቹን ይንገሩኝና ልጻፍ።»

«መጀመሪያ የፒኤፍን አነባበብ አትርሳ። ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ፓኬቱን ከሚመለከቱት ደንቦች የሚጸናው የመጨረሻው ነው፣ ‹ኩዊክ› የሚል ቃል ካልገባበት በቀር። ስለዚህ ሰፊውን ደንብ ከላይ፣ ጠባቡን ከታች አድርግ። ከላይ፦ ከየትም ይምጣ፣ ወደ ፖርት 25 የሚገባውን ሁሉ በዚያው ማሽን ላይ ፖርት 8025 ወደሚያዳምጠው ስፓምዲ አዙር። ቀጥሎ፦ ላኪው ‹ኖስፓምዲ› በተባለው ሠንጠረዥ ውስጥ ካለ በቀጥታ ወደ እውነተኛው ሜይል ሰርቨር አሳልፍ። ይህን ሠንጠረዥ አንተ ነህ በእጅህ የምትሞላው። ቀጥሎ፦ ‹ስፓምዲ ኋይት› በተባለው ሠንጠረዥ ውስጥ ያለውንም አሳልፍ፣ ግን ሎግ አድርግ። ይህን ነጭ መዝገብ የሚሞላው ስፓምዲ ራሱ ነው። በመጨረሻ፦ ከእኛ ወደ ውጭ የሚሄደውን ሜይልም አሳልፍ፣ እሱንም ሎግ አድርግ።»

«የሚወጣውን ሎግ ማድረግ ለምን አስፈለገ?»

«ስፓምሎግዲ የሚባል ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ያንን ሎግ ይከታተላል። እኛ ቀድመን የጻፍንለት ሰርቨር መልስ ሲልክልን እንዳይጉላላ ነጭ መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል። ደብዳቤ ለሚጻጻፉ ሰዎች መንገዱ አስቀድሞ ተከፍቶ ይጠብቃል ማለት ነው። እኔ ከዚህ ፕሮግራም ሥራ ሁሉ የምወደው ይህንን ነው።»

አራት ደንብና ሁለት ሠንጠረዥ። ወጣቱ ጽፎ ሲጨርስ ከአንድ ገጽ ግማሽ አልሞላም፤ ፊቱ ላይ ግን ጥርጣሬ ነበር።

«አንድ የማናውቀው ሰው አሁን ቢጽፍልን ምን ይሆናል? ደረጃ በደረጃ ይንገሩኝ።»

«ሰርቨሩ ፖርት 25 ላይ ይመጣል፤ ፒኤፍ ወደ ስፓምዲ ያዞረዋል። ስፓምዲ ለመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች አንድ ፊደል በሰከንድ እያንጠባጠበ ያናግረዋል። ብዙ ቦት እዚህ ላይ መታገሥ አቅቶት ይቋረጣል። ከቆየ ስፓምዲ አራት ነገር ይመዘግባል፤ የላኪውን አይፒ አድራሻ፣ በሰላምታው ራሱን የጠራበትን ስም፣ የላኪውንና የተቀባዩን ኢሜይል አድራሻ። ደብዳቤውን ልስጥ ሲል 451 ይለዋል። ልብ በል፤ የደብዳቤው አንድ መስመር እንኳ አልገባም።»

«ከዚያ 25 ደቂቃ ይጠብቃል።»

«25 ደቂቃ ሳይሞላ ቢመጣ ያው መልስ ነው። ከ25 ደቂቃ በኋላ፣ 4 ሰዓት ሳያልፍ፣ ከዚያው አይፒ ያው ላኪ ለዚያው ተቀባይ ከሞከረ አይፒው ወደ ነጭ መዝገብ ይዛወራል። ከመጨረሻው ደብዳቤው በኋላ 36 ቀን እስኪሞላ ይቆያል፤ በመካከሉ ሌላ ከላከ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ብዙዎች የሚስቱት ደግሞ እዚህ ጋ ነው። ሁለተኛው ሙከራም የተደረገው ከስፓምዲ ጋር ነው። ስለዚህ እሱም ‹ቆይተህ ሞክር› ይባላል፤ ደብዳቤው የሚገባው በሦስተኛው ነው። 25 ደቂቃ ብለህ ለአለቃህ ብትነግረውና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ተጠያቂው አንተ ትሆናለህ።»

ይህ ጸሐፊ የግራጫ መዝገብን ትልቁን ጥቅም ከፍጥነቱም ከርካሽነቱም በላይ በሌላ ነገር ያየዋል፤ ቋንቋ አይመርጥም። የይዘት ማጣሪያዎች ታሪክ ከቃላት ቆጠራ ጋር የተያያዘ ነው። ፖል ግሬም በኦገስት 2002 ባሳተመው ጽሑፍ እያንዳንዱ ቃል በስፓም ውስጥና በደኅና ደብዳቤ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ቆጥሮ ዕድሉን ማስላት እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ ዘዴው በየቦታው ገባ። ለእንግሊዝኛ ድንቅ ሠራ። ለአማርኛ ግን ያው ዘዴ ሲያነክስ ይታያል፤ መምህርቷም ነገሩን ያነሡት በምሬት ነበር።

«‹ቤት› የሚለውን ተመልከት። ከቤታችን፣ ለቤታችሁም፣ በየቤቱ፣ ቤቶቻቸውን። ለቆጣሪው እነዚህ አንዱ ከሌላው የማይገናኙ አራት ቃላት ናቸው። ጸሎትን በጸም በፀም እንጽፋለን፤ ሰላምን በሰም በሠም። የመሥሪያ ቤታችሁ የአማርኛ ደብዳቤ በወር ምን ያህል ነው? ማጣሪያው ቋንቋውን ለመልመድ የሚበቃ ናሙና አያገኝም። በዚያ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ሐቀኛ ማስታወቂያ ማጣሪያው በማያውቀው ፊደል ስለመጣ ብቻ ሲጠረጠር አይቻለሁ። ስፓምዲ ግን በግዕዝ ፊደል ይጻፍ በቻይንኛ ግድ የለውም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ትመለሳለህ ወይ?»

«ምስጢር ለሚጻጻፉ ሠራተኞቻችንም ይሻላል» አለ ወጣቱ እያሰበ። «ማንም ደብዳቤያቸውን ሳይከፍት ነው የሚጣራው።»

«ለዚህ ነው ይዘት የሚያነበውን ማጣሪያ ከኋላ አድርገው የምልህ። አትጣለው፤ ግን የሚያነበው ጥቂት ይሁን።»

ከዚህ ላይ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚቀርብ አንድ ታሪክ ማንሣት ይገባል። በኢሜይል ታሪክ የመጀመሪያው የጅምላ ማስታወቂያ የሚባለው በሜይ 1978 የተላከው ነው፤ የኮምፒውተር አምራቹ የዴክ ሠራተኛ ጋሪ ተርክ የድርጅቱን አዳዲስ ማሽኖች ለማሳየት የኢንተርኔት ቀዳሚ በነበረው አርፓኔት ላይ ለነበሩ 400 ያህል ሰዎች ላከው። ስፓም የሚለው ስም በሰፊው የታወቀበት ድርጊት ግን በኤፕሪል 1994 የተፈጸመው ነው። ካንተርና ሲገል የተባሉ ባልና ሚስት የአሪዞና ጠበቆች በሺዎች በሚቆጠሩ የዩዝኔት የውይይት መድረኮች ላይ አንድ ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ በተኑ። የሚያስተዋውቁት የአሜሪካን የግሪን ካርድ ሎተሪ ማመልከቻ የመሙላት አገልግሎት ነበር፤ እኛ ዲቪ የምንለውን። በየሰፈሩ የኢንተርኔት ቤቶች በር ላይ ሲለጠፍ የኖረው ያ ቃል በስፓም ታሪክ መነሻ ላይ መገኘቱ አጋጣሚ ብቻ አይመስልም። የጅምላ መልእክት የሚያነጣጥረው ሁልጊዜ ብዙ ሰው አጥብቆ የሚመኘው ነገር ላይ ነው። ዛሬም «ዲቪ ደርሶሃል» የሚሉ የማጭበርበሪያ ኢሜይሎች የሚላኩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚጎዱትም ገንዘብ ለመክፈል ተበድረው የሚሮጡ ሰዎች ናቸው። የስፓም ማጣሪያ የባለሙያ ቅንጦት አለመሆኑን ለመረዳት ይህ ይበቃል።

ወጣቱ ተቃውሞውን ሲቆጥብ ቆይቶ አወጣው።

«ቲቸር፣ ሰው ግን አሁን ኢሜይል እንደ ድሮው አይደለም የሚጠቀመው። ባንክ፣ የፈተና ምዝገባ፣ የቪዛ ቀጠሮ፣ ሁሉም ኮድ ይልካል። ኮዱ ደግሞ በ10 ደቂቃ ይሞታል። አንድ ሰዓት አስቆይተን ብናስገባው ምን ዋጋ አለው?»

መምህርቷ ወዲያው አልመለሱም። «ይሄ እውነተኛ ጉድለት ነው» አሉ። «ዘዴው ሲወጣ ኢሜይል ቢዘገይ ማንም አይሞትም ይባል ነበር። ዛሬ አይባልም። ሌላም አለ። ትልልቆቹ የሜይል ድርጅቶች ብዙ ሰርቨር ስላላቸው የመጀመሪያውን ሙከራ ከአንድ አይፒ፣ ሁለተኛውን ከሌላ አይፒ ያደርጋሉ። ስፓምዲ ሁለቱን አንድ ላኪ ናቸው ብሎ አያውቅም፤ እያንዳንዱን እንደ አዲስ ይመዘግባል። ደብዳቤው ለሰዓታት ሊንከራተት ይችላል።»

«ታዲያ?»

«ኖስፓምዲ ለዚህ ነው። ትልቅ ድርጅት በስሙ እንዲልኩ የፈቀደላቸውን አይፒዎች በዲኤንኤስ ውስጥ በኤስፒኤፍ መዝገብ ያሳውቃል። የኦፕንቢኤስዲ የራሱ ሜይል ሰርቨር፣ ኦፕንኤስኤምቲፒዲ፣ የድርጅቱን ስም ስትሰጠው መዝገቡን ተከትሎ አይፒዎቹን ሁሉ ዘርዝሮ የሚያወጣ ትእዛዝ አለው። የትልልቆቹን፣ የባንኮቻችሁን፣ አብራችኋቸው የምትሠሩትን መሥሪያ ቤቶች በዚያ አውጥተህ ሠንጠረዡን ሙላ። በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ትእዛዝን በቀጠሮ በሚያስኬደው ክሮን ላይ አስቀምጠው፤ አንዴ ሞልተህ ብትተወው በዝምታ ያረጅብሃል።»

«ከትልልቆቹ የሚመጣ ስፓምስ? በተሰረቀ አካውንት የሚላክ?»

«እሱን ስፓምዲ አይዝልህም። የሚላከው በትክክለኛ ሰርቨር ነው፣ ይመለሳል፣ ወረፋ ይይዛል። ከኋላ ያለው የይዘት ማጣሪያ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። የላኪን ስም የሚያረጋግጡት ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክም ይህን አይዙትም፤ የሚያስፈልጉት ግን ለሌላ ነው። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጉግል በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ መልእክት የሚልክለትን፣ ያሁም በብዛት የሚልክለትን ሁሉ ሦስቱንም እንዲያሟላ ያስገድዳሉ። አንተ በብዛት ባትልክም አሟላ፤ አለዚያ ደብዳቤህ ሌላ ሰው ስፓም ሳጥን ውስጥ ይቀራል።»

ከዚያ ስፓምዲ ለስፓም ላኪዎች ወደሚያጠምደው ወጥመድ ተሻገሩ፤ መምህርቷ ድምፃቸው የሞቀው እዚህ ላይ ነው። የየትኛውም ድርጅት የሜይል ሎግ ኖረው በማያውቁ አድራሻዎች የተሞላ ነው። ስፓም ላኪዎች ስም እየገመቱ፣ የተበላሹ ዝርዝሮችን እየገለበጡ፣ በዚያ ቤት ተቀጥሮ ለማያውቅ ሰው ይጽፋሉ። ስፓምዲ እነዚህን አድራሻዎች ተቀብሎ ወጥመድ ያደርጋቸዋል። ገና በግራጫ መዝገብ ያለ ላኪ ከእነርሱ ለአንዱ ከጻፈ ለ24 ሰዓት ይታሠራል። የታሠረ ላኪ ደግሞ አንድ ፊደል በሰከንድ የሚነገረው ለ10 ሰከንድ ሳይሆን እስከ መጨረሻው ነው። የእርሱ ኮኔክሽን ተይዞ ይቆያል፤ ለእኛ የሚያስወጣን ግን ኢምንት ነው፣ ስፓምዲ አንድ ፕሮሰስ ሆኖ በመደበኛው ቅንብር እስከ 800 ኮኔክሽን ይይዛልና። በኖርዌይ በርገን የሚኖረውና ስለ ፒኤፍ የታወቀውን መጽሐፍ የጻፈው ፒተር ሃንስቲን ከራሱ ሎግ ያገኛቸውን የሌሉ አድራሻዎች ሰብስቦ ለሕዝብ አውጥቷል። አድራሻ ለቃሚ ፕሮግራሞች እንደ ደኅና ዝርዝር ወስደው በላኩ ቁጥር ራሳቸውን ያጋልጣሉ።

«ሰው በስሕተት ቢጽፍበትስ? አንድ ፊደል ተሳስቶ?»

«ስለዚህ ከሠራተኛ ስም ጋር የሚመሳሰል አድራሻ ወጥመድ አታድርግ። የለቀቀ ሠራተኛን አድራሻም አታድርግ፤ ለዓመታት የሚጽፍለት ሰው ይኖራል። ሰው በጣቱ ስቶ ሊጽፈው የማይችል ነገር ምረጥ።»

ሌላም ወጥመድ አለ። ድርጅቶች ዋናው ሰርቨር ሲወድቅ የሚቀበል ተጠባባቂ ሰርቨር በዲኤንኤስ ያስመዘግባሉ። ጥበቃው ብዙ ጊዜ የላላ ስለሆነ ስፓም ላኪዎች ዋናውን ትተው በቀጥታ ወደ ተጠባባቂው ይሄዳሉ። ስፓምዲ የተጠባባቂውን አይፒ ከነገሩት፣ ዋናውን ሳይሞክር ወደዚያ የመጣን የማይታወቅ ላኪ እንዲሁ ለ24 ሰዓት ያስረዋል።

«የኛ ሰርቨር ግን ሊኑክስ ነው» አለ ወጣቱ። «ፒኤፍ የለውም።»

«ሁለት መንገድ አለህ። አንድ አሮጌ ማሽን ፈልግ፣ ኦፕንቢኤስዲ ጫንበት፣ ከሊኑክሱ ፊት አቁመው፤ ስፓምዲ ብዙ ሜሞሪ አይፈልግም። ይሄ ካልተመቸህ፣ ሜይል ሰርቨራችሁ ፖስትፊክስ ስለሆነ ፖስትስክሪን የሚባል ፕሮግራም አለላችሁ፤ ከ2.8 ጀምሮ አብሮት ይመጣል። ላኪው እንደተገናኘ ሰላምታውን ለ6 ሰከንድ ያዘገያል። ደንቡ ተቀባዩ መጀመሪያ እንዲናገር ያዛል፤ ብዙ ቦት ግን አይጠብቅም፣ ቀድሞ ይናገራል፣ በዚያው ይያዛል። ደኅና ላኪ የሚያጣው 6 ሰከንድ ነው። የኮዶቹ ነገር ካስጨነቀህ በዚህ ጀምር። ግራጫ መዝገብ ከፈለግህ ፖስትግሬይን ትጨምራለህ፤ እሱ መደበኛ ጊዜው 5 ደቂቃ ብቻ ነው።»

ውይይቱ እስካሁን የሚገባውን ብቻ የሚመለከት ነበር። የሚወጣው ግን በአንድ ሕዝባዊ አይፒ ብዙ ኮምፒውተር ለሚያገናኝ መሥሪያ ቤት ምናልባት የበለጠ አሳሳቢ ነው። የማክኮሎ ታሪክ የሚወጣው ስፓም ምን ያህል በጥቂት መተላለፊያ ላይ እንደሚመሠረት ያሳያል። በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ የነበረው ይህ ድርጅት የብዙ ቦቶች ማዘዣ ሰርቨሮችን ያስተናግድ ነበር። ኖቬምበር 11 ቀን 2008፣ ጋዜጠኛው ብራያን ክሬብስ ማስረጃ ሰብስቦ ካቀረበላቸው በኋላ፣ ኢንተርኔት ያቀርቡለት የነበሩት ኩባንያዎች አቋረጡት። የዓለም ስፓም በአንድ ቀን ከግማሽ በላይ ወደቀ፤ በወራት ውስጥ ግን ቦቶቹ ሌላ ማዘዣ አግኝተው መጠኑ ተመለሰ። የተያዙት ኮምፒውተሮች በየቤቱና በየቢሮው እንዳሉ ነበሩና።

«ከነዚያ አንዱ የኛ ቢሮ ውስጥ ቢኖርስ?» ሲል ወጣቱ ጠየቀ።

«አንድ የሒሳብ ክፍል ኮምፒውተር ተይዞ ስፓም ቢልክ የሚመዘገበው የመሥሪያ ቤቱ አይፒ ነው። እንደ ስፓምሃውስ ባሉ ጥቁር መዝገቦች ላይ ትሰፍራላችሁ፣ የሁላችሁም ደብዳቤ ይመለሳል። ስለዚህ ከሜይል ሰርቨሩ በቀር ማንም ኮምፒውተር በፖርት 25 ወደ ውጭ እንዳይወጣ አግድ። ሠራተኛ ደብዳቤ የሚልከው በፖርት 587 ነው፣ በይለፍ ቃል፣ በራሳችሁ ሰርቨር በኩል። የታገደውንም ሎግ አድርግ፤ በፖርት 25 ለመውጣት የሚታገለው ኮምፒውተር የቱ እንደሆነ ሎጉ ይነግርሃል። ፋየርዎሉ ለጎረቤትም ለራስም የሚሠራው ያኔ ነው።»

ወጣቱ የመጨረሻውን ደንብ ጽፎ ወደ ተግባር መሄድ ፈለገ። «ዓርብ ማታ ሰው ሲወጣ ላስጀምረው?»

«አይሆንም። ዓርብ ማታ ብታስጀምር ሁለት ቀን ሙሉ የተጉላላውን የሚያይ የለም። ሰኞ ጠዋት አድርገው፣ አንተ ወንበርህ ላይ ባለህበት። ነጭ መዝገቡ መጀመሪያ ባዶ ነው፤ ለዓመታት የሚጽፉላችሁ ሰዎች ሁሉ እንደ እንግዳ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ያለፉትን ወራት የሜይል ሎግ ክፈትና ደኅና ደብዳቤ የላኩትን ሰርቨሮች አይፒ አውጥተህ አስቀድመህ አስገባ።»

«ደንቦቹን ስጭንስ? ከሩቅ ነው የምገባው፤ ብሳሳት ራሴን እንዳልዘጋ እፈራለሁ።»

«የፒኤፍ ማዘዣ የሆነው ፒኤፍሲቲኤል ደንቡን ሳይጭን ስሕተቱን ብቻ የሚፈትሽበት አማራጭ አለው፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ በዚያ ሞክር። የአጻጻፍ ስሕተት ይይዝልሃል እንጂ ትክክል የተጻፈ ግን አንተን የሚዘጋ ደንብን አይዝልህም። ስለዚህ የድሮውን ፋይል ቅጂ አስቀምጥ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ የድሮው ራሱ እንዲመለስም ትእዛዝ ቀጥር። ሁሉ ነገር ሲሠራ ካየህ ቀጠሮውን ትሰርዛለህ።»

«ከዚያ በኋላ በየቀኑ የምከታተለው ምንድን ነው?»

«ስፓምዲቢ የሚባለው ትእዛዝ መዝገቡን ሁሉ ያሳይሃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠዋት ጠዋት ግራጫውን ተመልከት። ለአንድ ሠራተኛ ከአንድ ድርጅት፣ ግን ከተለያየ አይፒ ተደጋግሞ የተሞከረ ካየህ ያ ደኅና ደብዳቤ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሠራተኛውን ጠይቅ፣ እጠብቃለሁ ካለህ ድርጅቱን ኖስፓምዲ ላይ አስገባ። አንዳንዴ ደግሞ ተመልሶ የማይሞክር የአነስተኛ ማኅበር ወይም የትምህርት ቤት ሰርቨር ታገኛለህ፣ አወቃቀሩ የተበላሸ። ጥፋቱ የላኪው ነው ብለህ አትለፈው። ደብዳቤው ሳይደርስ የቀረው ሰውዬ ያንን አያውቅም። አስገባውና ለሰርቨሩ ባለቤት ችግሩን በጨዋ ቃል ጻፍለት።»

«ለሠራተኞቹስ ምን ልበላቸው?»

«ሰኞን አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ጻፍላቸው። ከዚህ በፊት ጽፎልን የማያውቅ ሰው የሚልከው የመጀመሪያ ደብዳቤ አንድ ሰዓት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊዘገይ እንደሚችል ንገራቸው። ኮድ የሚጠብቅ ካለ የላኪውን ድርጅት ስም አስቀድሞ ይስጥህ። የውስጥ ስልክ ቁጥርህን ከታች ጻፍ፤ ደብዳቤ ቀረብኝ የሚል ሰው ኢሜይል ላኩልኝ አይባልም።»

ወጣቱ የሦስት ወሩን ሎግ ከፍቶ አይፒዎቹን መለየት ጀመረ።